ጭራቁ ሲያለቅስ ተመልካቹ ለምን ይስቃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ናቸው። ሁሉም ስለ ጥንቶቹ ጥቁርና ነጭ አስፈሪ ፊልሞች ነው፤ በተለይም ሰው የሚሸሸው፣ ድንጋይ የሚወረወርበት ፍጡር በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ እንዴት አንጀት የሚበላ እንደሆነ። የፊልሞቹ ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ በግቢያችን የ1931ዱን «ፍራንከንስታይን» ለሰፈር ልጆችና ለጎረቤት አሳየን። ጭራቁ እጁን ወደ ብርሃን የሚዘረጋበት ቦታ ላይ እኔ ዕንባዬ መጣ፤ ሰዉ ግን አቦ በሳቅ ፈረሰ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ምናልባትም የሪሞቱ። ተመልካቹን ከመውቀስህ በፊት ምስሉ እንዴት እንደወጣ አስታውስ፤ ምስሉ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ ነበር? ከሞላ ነገሩ እሱ ነው። ፊልሙ በዛሬ ቅጂዎች የሚገኘው ወርዱ የቁመቱ 1.37 እጥፍ ገደማ በሆነ፣ ወደ አራት ማዕዘን በሚጠጋ ምስል ነው። የዛሬ ፕሮጀክተርና ቴሌቪዥን ደግሞ 16 በ9 ነው። ማሽኑ «ሙሉ ስክሪን» ላይ ከተተወ ምስሉን 30 በመቶ ያህል ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ጭራቁን የሚጫወተው የቦሪስ ካርሎፍ የጎደጎደ ጉንጭ ይሞላል፣ ረጅሙ ሬሳ መሳይ ሰውዬ ደንዳና አጭር ይሆናል። የተለጠጠ ፊት ደግሞ ያስቃል፤ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ፊቱን ለጥጦ የሚስቀው ለዚሁ ነው። የምስል መጠን ከሚለው ማውጫ ውስጥ 4 በ3ን ወይም «ኦሪጅናል»ን ምረጥ። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዱ ተመልካች «ስክሪኑ አልሞላም» ብሎ ያጉረመርማል፤ ተወው።

ሁለተኛው ጥፋት ብርሃኑ ነው። ፕሮጀክተር ከካርቶኑ ሲወጣ የምስል ቅንብሩ አብዛኛውን ጊዜ «ዳይናሚክ» ላይ ነው፤ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል። ሜካፕ ሠሪው ጃክ ፒርስ ግንባሩንና የዓይን ቆቡን የሠራው ጥላ እንዲወድቅበት አስቦ ነው። ጥላው ሲጠፋ የሚታየው የተለጠፈ ነገር ብቻ ነው። «ሲኒማ» የሚለው ላይ አድርገው። በቴሌቪዥን የምታሳይ ከሆነ ደግሞ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ቅንብር አጥፋው፤ አሮጌ ፊልም ላይ ሰዎቹን የዛሬ ድራማ ተዋንያን ያስመስላቸዋል።

ሦስተኛው ድምፅ። ይህ ፊልም ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ጽሑፍ በቀር የጀርባ ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። መቼ ማዘን እንዳለብህ የሚነግርህ ቫዮሊን የለም። ጸጥታው ነው የሚሠራው፤ ጸጥታውን ጄኔሬተር ከሞላው ትዕይንቱ ሞተ። ጄኔሬተሩ ከግንብ ኋላ፣ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ስፒከሩን ፕሮጀክተሩ አጠገብ አታስቀምጠው፤ ከስክሪኑ ግርጌ አድርገውና ድምፁ ከጭራቁ አፍ ይምጣ።

አሁን ወደ እጁ እንመለስ፤ የፊልሙ ልብ ያለው እዚያ ነው። ጭራቁ መጀመሪያ ሲገባ ፊቱን አናይም፤ የኋሊት ነው የሚገባው። ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ካሜራው በሁለት ዝላይ ይጠጋዋል፤ እንፈራለን። ከዚያ ሠሪው ሄንሪ የጣሪያውን መስኮት ይከፍታል። ብርሃን ይወርዳል። ጭራቁ አንገቱን ቀና ያደርግና ብርሃኑን በእጁ ሊይዘው ይሞክራል። መስኮቱ ሲዘጋ እጆቹ ወደ ሄንሪ ይዞራሉ፤ መዳፎቹ እንደተከፈቱ፣ ምንም ሳይናገሩ። ወዲያው ረዳቱ ፍሪትዝ ችቦ ይዞ ይመጣል። ከብርሃን እስከ እሳት ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ የዚያ ሰው ሙሉ የልጅነት ዘመኑ እሱ ነው።

ስለዚህ ከፊልሙ በፊት ረጅም ንግግር አታድርግ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ይህ ሰውዬ ገና አሁን መወለዱ ነው።» ይህን የሰማ ተመልካች እጁን ሲያይ የሚያስታውሰው ጨቅላ ነው።

ጥያቄ (ከዚሁ ጠያቂ)፦ ስክሪን አቡጀዲ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን ነጠላው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ደርበው ወይም ነጭ ግድግዳ ላይ ለጥፈው። ስፌት ግድ ከሆነ አግድም ይሁን፣ ከታች ሲሶው ላይ፤ የሰው ፊት እዚያ ብዙም አይውልም። የታችኛውን ጠርዝ እጠፍና ቧንቧ አስገባበት፤ ነፋስ አያርገበግበውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርቀቱ ላይ ነው። ቁመቱ 1.8 ሜትር የሆነ የዚህ ዓይነት ምስል ወርዱ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ፕሮጀክተሩ ግን ጥቁሩን ጎን ጨምሮ 3.2 ሜትር ይወረውራል። የርቀት ምጣኔው፣ ማለትም ርቀቱ ለምስሉ ወርድ ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር፣ 1.5 ከሆነ 3.2ን ነው የምታበዛው፤ 4.8 ሜትር ይመጣል። በ2.5 ካሰላኸው ምስሉ ከ1.4 ሜትር ቁመት አያልፍም፤ የኋላው ሰው ፊት አያይም።

ድሬ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አትጀምር፤ ሰማዩ ገና አልጨለመም፣ የበርጫው ሰውም አልተነሣም። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ35 ወይም ከ40 ዲግሪ ሙቀት በላይ እንዲሠሩ አልተሠሩም፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ሲሚንቶ ላይ ካስቀመጥከው ከታች ይጋገራል። ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ የአየር መውጫው ነፃ ይሁን። መብራት እልም ሲል አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ ስለሚቀር ትንሽም ብትሆን ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ አድርግለት።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሸዋ በር)፦ ያለኝ የ«ፍራንከንስታይን» ቅጂ 67 ደቂቃ ነው። ጭራቁና ሕፃኗ ሐይቅ ዳር አበባ ይጫወታሉ፣ ወዲያው አባትየው አስከሬኗን ታቅፎ ይመጣል። መሐሉ የለም። ዲስኩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ዲስኩ ደህና ነው፤ ቅጂው ግን የተቆረጠው ነው። የጎደለውን እንንገርዎ። ማሪያ የምትባለዋ ሕፃን አትፈራውም፤ አበባ ትሰጠዋለች። አበባ ውሃ ላይ መጣል ያሳየችዋለች፤ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ጭራቁ ይስቃል፤ በፊልሙ ውስጥ የሚስቀው እዚህ ብቻ ነው። አበባው ሲያልቅበት ባዶ እጁን ያያል። ከዚያ እሷን አንሥቶ ይጥላታል፤ ውብ ነገር ሁሉ ይንሳፈፋል ብሎ። አትንሳፈፍም። ደንግጦ፣ ግራ ተጋብቶ፣ እየተንገዳገደ ይሸሻል።

ሳንሱሮች የመወርወሩን ክፍል ቆረጡት፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው ያየው የተቆረጠውን ነበር፤ በ1980ዎቹ ነው የተመለሰው። መቁረጡ ያደረገውን ልብ ይበሉ፦ እጁ ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ ፊልሙ ይቋረጣል፣ ቀጥሎ አስከሬን። ተመልካቹ መሐሉን በራሱ ይሞላል፤ የሚሞላው ደግሞ ከተቀረጸው እጅግ የከፋ ነገር ነው። ለጨዋነት ተብሎ የተቆረጠው ትዕይንት ጭራቁን እውነተኛ ጭራቅ አደረገው።

ደቂቃውን በተመለከተ ግን አይቸኩሉ። ፊልሙ 70 ደቂቃ ገደማ ነው። አሮጌዎቹ የአውሮፓ ዲስኮች በሰከንድ 24 ምስል የተቀረጸውን በ25 ስለሚያጫውቱ ሁሉም ነገር 4 በመቶ ይፈጥናል፤ 70ው 67 ይሆናል። ስለዚህ 67 ደቂቃ ብቻውን የመቆረጥ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ሐይቁ ነው። ሌላ ቅጂ ሲያገኙ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ወስደው ይዩት።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት)፦ ለ11ኛ ክፍል የፊልም ክበብ በዚህ ርእስ አራት ጊዜ ማሳየት እፈልጋለሁ። ከትምህርት በኋላ ያለን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የትኞቹን፣ በምን ቅደም ተከተል?

መልስ፦ በጭራቅ አትጀምሪ፤ በሰው ጀምሪ። የ1939ኙ «የኖትር ዳም ጎባጣ» 117 ደቂቃ ስለሆነ ሙሉውን አታዳርሺውም፤ ከሞኞች በዓል ተነሥተሽ ውሃው ላይ አቁሚ። ቻርልስ ሎተን የሚጫወተው ደወል ደዋዩ ኳሲሞዶ በመልኩ ክፋት የሞኞች ንጉሥ ተብሎ ዘውድ ይጫንለታል። ብዙም ሳይቆይ ያው ሕዝብ ሲገረፍ ለማየት ይሰበሰባል። መስማት የተሳነው ነው፤ ለምን እንደሚገረፍ እንኳ በውል አይሰማም። ውሃ ይለምናል፣ ይስቁበታል። ከዚያ ኤስሜራልዳ፣ ራሷም ከከተማው በር የምትባረር ሕዝብ ልጅ፣ ደረጃውን ወጥታ ታጠጣዋለች። ለተማሪዎቹ አንድ የቤት ሥራ ስጪ፦ ካሜራው ከሕዝቡ መሐል ያለው መቼ ነው፣ ከጎባጣው ጎን የሚሆነውስ መቼ ነው? ይህን መቁጠር ከቻሉ የቀሩትን ሦስት ፊልሞች ማየት ያውቃሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው «ፍራንከንስታይን» ይሁን። አንድ ነገር ግን አትለፊ። ረዳቱ ደህናውን አንጎል ጥሎ ሰብሮ የወንጀለኛውን ይሰርቃል። ይህ የፊልሙ ደካማ ጎን ነው፤ «ከተፈጥሮው ክፉ ነው» ለሚል ሰው ማምለጫ ይሰጣል። ልጆቹ ጭራቁ ከመገረፉና በችቦ ከመቃጠሉ በፊት ያደረገውን ክፉ ነገር ይፈልጉ። አያገኙም። ክርክሩ እዚያ ይጀምራል፤ ዳኛ አትሁኚ።

ሦስተኛው የ1935ቱ «የፍራንከንስታይን ሙሽራ»፣ 75 ደቂቃ፣ ዳይሬክተሩ ያው ጄምስ ዌል። የዓይነ ስውሩ ባሕታዊ ጎጆ ያለው በዚህ ነው። የቆሰለው ጭራቅ የቫዮሊን ድምፅ ሰምቶ ይመጣል። ሽማግሌው ስለማያየው አይፈራውም። ሾርባ ያቀርብለታል፣ ያስተኛዋል፣ ጓደኛ ስለሰጠኸኝ ብሎ አምላኩን ያመሰግናል፤ በጭራቁ ጉንጭ ላይ ዕንባ ይወርዳል። ከዚያ ዓይን ያላቸው ሁለት አዳኞች በሩን ይከፍታሉ፣ ቤቱ ይቃጠላል። ይህ ትዕይንት በቀልድ ፊልም ስለተሾፈበት አንዳንድ ልጆች ቀድመው ሊስቁ ይችላሉ፤ አትቆጪ፣ ዕንባው ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።

አራተኛው የ1942ቱ «የድመት ሰዎች»፣ 73 ደቂቃ፣ ዳይሬክተሩ ዣክ ቱርነር። ሰርቢያዊቷ ስደተኛ ኢሬና በስሜት ከተነካች አውሬ እንደምትሆን ታምናለች። ባሏ አያምናትም፣ ሐኪሙም አያምናትም። በሠርጓ እራት ላይ አንዲት የማትታወቅ ሴት በአገራቸው ቋንቋ «እኅቴ» ብላ ሰላም ስትላት ፊቷ ይለወጣል፤ የሰው አገር ሰው መሆን ምን እንደሆነ ያ አንድ ቃል ይናገራል። ገንዘብ ስላልነበራቸው አውሬው በአብዛኛው ጥላ ነው፤ ለክበብሽ የሚመቸውም ለዚህ ነው፣ ዛሬ የሚያስቅ ጎማ ወይም ፀጉር የለበትም።

አምስተኛ ቀን ከተገኘ ተቃራኒውን አሳዪአቸው፦ የ1922ቱ «ኖስፈራቱ»። እዚያ የሩቅ አገሩ እንግዳ ከአይጥና ከወረርሽኝ ጋር በመርከብ ይመጣል፤ እንግዳ ማለት በሽታ ማለት ሆኖ ይቀራል። ድሬ ወደ ጅቡቲ የሚያልፍ መንገደኛ የማይጠፋባት ከተማ ናትና ተማሪዎቹ ስለ መንገደኛ የሚሰሙትን ወሬ ከዚህ ጋር ያስተያዩ። ድምፅ አልባ ስለሆነ የቅጂውን ፍጥነት ቀድመሽ እዪ፤ ሰዎቹ እንደ ዶሮ የሚጣደፉ ከሆነ በዝግታ የተቀረጸው በ24 እየተጫወተ ነው።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ለገሃሬ)፦ ከጓደኞቼ ጋር ለ«ሙሽራዋ» የአማርኛ ሰብታይትል እየሠራን ነው። ጭራቁን ምን እንበለው? አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ባሕታዊው «እርስዎ» ማለት አለበት ይላል።

መልስ፦ «ጭራቅ» የሚለውን ቃል ለሕዝቡና ለአዳኞቹ ተዉላቸው። በተረታችን ጭራቅ ሰው በላ ነው፤ ቃሉን የሚናገር ሰው ፍርዱን ጨርሷል። ሄንሪ ሲናገር ግን «ፍጡር» በሉት። አማርኛ እዚህ የሚሰጣችሁን ነገር አትጣሉ፦ ፍጡር ካለ ፈጣሪ አለ፣ ፈጣሪ ደግሞ ፍጡሩን አይጥልም። ሄንሪ ያን ቃል በተናገረ ቁጥር ራሱን ይከሳል። ስም አታውጡለት፤ በ1931ዱ መክፈቻ ጽሑፍ ላይ እንኳ በተዋናዩ ስም ቦታ የተቀመጠው የጥያቄ ምልክት ነው።

ባሕታዊው «አንተ» ይበል። አዲስ አበባ ላይ ለማያውቁት ትልቅ ሰው «አንተ» ማለት ንቀት ሊመስል ይችላል፤ ድሬና ሐረር ላይ ግን «አንተ» ቤተሰብ ማድረግ ነው፣ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። «ወዳጄ፣ ግባ» ሲለው በሩ ተከፈተ። «እርስዎ» ቢለው ደጅ ላይ ያቆመዋል።

የጭራቁን ንግግር አታሳምሩ። መናገር የሚማረው በዚሁ ፊልም ነው፤ ቃላቱ እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ ነው የሚወድቁት። «ብቸኝነት መጥፎ ነው፣ ጓደኝነት ግን መልካም ነው» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰባኪ አደረጋችሁት። «ብቻ... መጥፎ። ጓደኛ... ጥሩ።» «ነው»ን እንኳ አትስጡት፤ ገና አልደረሰበትም።

ቴክኒኩ፦ በአንድ መስመር ከ28 ፊደል አትለፉ፣ ከሁለት መስመርም አትለፉ፤ አጭሩ ቃል እንኳ ከአንድ ሰከንድ ተኩል ያላነሰ ይቆይ። ፋይሉን ስታስቀምጡ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 አድርጉ፤ አለዚያ ፊደሉ በሣጥን ይሞላል። ሰብታይትሉ መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ 10 ደቂቃ ሲሞላ 25 ሰከንድ ያህል ከተዛነፈ መስመር በመስመር አታስተካክሉ፤ የተሠራበት ፍጥነትና የቪዲዮው ፍጥነት ተለያይተዋል፣ ማለትም 23.976 እና 25። ማዘጋጃ ፕሮግራሙ ውስጥ የፍጥነት ለውጥ የሚለው ትእዛዝ በአንዴ ይፈታዋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ከዘገየ ግን መግፋት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጀጎል)፦ የ1941ዱን «ተኩላው ሰው» ለሰፈሩ ወጣት ማሳየት አስበናል። አያቴ ግን «ጅብ የሚሆን ሰው ታሪክ አታምጡ፣ ሰው ያጣላል» አሉኝ። ትክክል ናቸው?

መልስ፦ አያትህ ፊልሙን ሳያዩ ነገሩን ገብቷቸዋል። እኛ አገር «ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚባለው ማንም ሰው አይደለም። ቡዳ የሚባሉት ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ናቸው፤ ማለትም ማረሻውን፣ ምጣዱንና ጠፍሩን የሚሰጡን። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ስድቡ ሥር ስለሰደደ ነበር። ስለዚህ ፊልሙ በሆሊውድ ቀልድ የሚሆነው ነገር ጎረቤትህ ላይ እውነተኛ ጠባሳ ሊነካ ይችላል።

ቢሆንም አሳየው እንላለን፤ ምክንያቱም ፊልሙ የቡዳን ወሬ ገልብጦ ነው የሚናገረው። በወሬው ተከሳሹ አይናገርም፤ ሁልጊዜ የሚናገረው «ተበላሁ» ባዩ ነው። ፊልሙ ግን ከመጀመሪያው ተኩላ ከሚሆነው ሰው፣ ከላሪ ታልቦት ጋር ነው የሚሄደው። ሌላን ሰው ሊያድን ገብቶ ተነከሰ፤ ክፋት አልመረጠም። የሚያምነው ሰው ይፈልጋል። በመጨረሻ የሚገድለው የገዛ አባቱ ነው፤ እጀታው ብር በሆነ በትር፣ ልጁ መሆኑን ሳያውቅ። ሬሳው ሰው ሲሆን ያያል። ሟቹ ላይ ጎንበስ ብላ በደግነት የምትናገረው አሮጊት ማሌቫ ደግሞ በየከተማው በጥርጣሬ የምትታይ ተንከራታች ናት። ድርሰቱን የጻፈው ከርት ሲዮድማክ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ ነው። ተኩላው ቀጣዩን ሟች የሚያውቀው በሟቹ መዳፍ ላይ በሚያየው የኮከብ ምልክት መሆኑን ስታይ ይህን አስታውስ።

ሦስት ጥንቃቄ ብቻ። ከፊልሙ በኋላ ውይይት ካለ የማንንም ሙያ ወይም ቤተሰብ ስም ጠርቶ «እነ እገሌም...» የሚል ሰው ገና በመጀመሪያው ቃል ይቁም፤ መድረክ መሪው ይህን ሲጀምር ይናገር። «ቡዳ አለ ወይስ የለም» የሚል ክርክር አትክፈት፤ ሌሊቱን ይበላል፣ ማንንም አይለውጥም። ጥያቄው «ላሪን ማን ቢያምነው ይተርፍ ነበር?» ይሁን።

ሐረር ላይ ደግሞ ሌላ ከተማ የሌለው መግቢያ አለህ። በግንቡ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ፣ ወራባ ኑዱል፣ የተተወባት ከተማ ናት፤ በአሹራ ገንፎ በቅቤ የሚቀርብለትም ይኸው ሌላው አገር በድንጋይ የሚያባርረው እንስሳ ነው። አያትህ ስለዚህ ከፊልሙ በፊት አምስት ደቂቃ ቢናገሩ ከእኛ መግቢያ ይበልጣል። ለምናቸው።

ጥያቄ (ከሐረር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ የ1932ቱ «ፍሪክስ» ስለተገለሉ ሰዎች የተሠራ ምርጥ ፊልም ነው ይባላል። እውነተኛ አካል ጉዳተኞች ተጫውተውበታል። እናሳየው?

መልስ፦ እዚህ ላይ የዝግጅት ክፍላችን ለሁለት ተከፍሏል፤ ሁለቱንም እንጽፍልሻለን።

ፊልሙን ዳይሬክት ያደረገው ቶድ ብራውኒንግ በወጣትነቱ ከሰርከስ ጋር የዞረ ሰው ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፦ ሃንስ የተባለ ድንክ ሰው ውርስ እንዳለው ያወቀች ክሊዮፓትራ የምትባል ቆንጆ የገመድ ላይ ተጫዋች አግብታ ትመርዘዋለች። የሙከራ ተመልካች ስለሸሸው ስቱዲዮው ቆራርጦ 64 ደቂቃ አደረገው፤ ብሪታንያ ከ30 ዓመት በላይ ከለከለችው።

«ይታይ» የሚለው ወገን የሚያነሣው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። እጅም እግርም የሌለው ፕሪንስ ራንዲያን ክብሪቱን በአፉ ጭሮ ሲጋራውን ራሱ ይለኩሳል፤ ጓደኛው አጠገቡ ቆሞ ስለ ሥራው ያወራል፣ ማንም አይደነቅም። ካሜራው አይጠጋም፣ ሙዚቃ አይጮህም። ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ሐሜት አለ። አካል ጉዳተኛን እንደ ጎረቤት ያሳየ ፊልም በዚያ ዘመን ሌላ የለም ማለት ይቻላል። በሠርጉ ግብዣ ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ «ከእኛ አንዷ» እያሉ ሙሽሪትን ይቀበሏታል፤ እሷ ወይኑን ፊታቸው ላይ ትደፋዋለች። ማን ጭራቅ እንደሆነ ከዚህ በላይ የተናገረ ማዕድ የለም።

«አይታይ» የሚለው ወገን መጨረሻውን ያነሣል። በዝናብ፣ በጭቃ፣ ቢላዋ ይዘው በደረታቸው እየተሳቡ ይመጣሉ። ለአንድ ሰዓት ጎረቤት የነበሩት ሰዎች አስፈሪ የሚሆኑት አካላቸው ስለሚሳብ ብቻ ነው። ፊልሙ በመጀመሪያው ክፍል የሰጠውን በአሥር ደቂቃ መልሶ ይነጥቃል፤ የክሊዮፓትራ ቅጣት ደግሞ አካሏ ጎድሎ እንደነሱ መደረጓ ነው፤ አካል ጉዳት ቅጣት ነው ማለት ነው።

የተስማማንበት ይህ ነው፦ ለሕዝብ አደባባይ አይሆንም፤ ለክፍል ይሆናል። ከማሳየትሽ በፊት ከሚመጡት መካከል አካል ጉዳተኛ ካለ ለብቻው፣ በሰው ፊት ሳይሆን፣ ይዘቱን ንገሪው፤ «አልፈልግም» ካለ ምክንያት አትጠይቂው። ሠርጉ ላይ አቁመሽ ተወያዩ፣ ከዚያ መጨረሻውን አሳዪና እንደገና ተወያዩ። በአንድ ትንፋሽ ካሳየሽው ሰው ይዞት የሚወጣው ጭቃውን ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)፦ ለትምህርት ቤት ድራማ የተገለለ ሰው እጫወታለሁ። ፊቴን በጄላቲን እንደ ሥጋ ደዌ ታማሚ ላደርገው አስቤአለሁ። እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ የሥጋ ደዌን መልክ ተወው። ሐረር አጠገብ ያለው ቢሲዲሞ ለዚሁ ሕመም ሆስፒታል የቆመበት፣ የዳኑ ሰዎች ቤተሰብ መሥርተው የሚኖሩበት አካባቢ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የማን ልጅ እንደተቀመጠ አታውቅም። ምናብ የፈጠረው ጠባሳ አድርገው።

ጄላቲኑም ድሬ ላይ አያዛልቅም። በ35 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ መድረክ መብራት ሥር ላብ ከሥሩ ይገባና ጉንጭህ አገጭህ ላይ ይወርዳል። ግድ ካልክ ለ20 ግራም ጄላቲን 20 ግራም ውሃና 40 ግራም ግሊሰሪን አድርገህ በሞቀ ውሃ ላይ አሟሟው፤ ፊትህ ላይ ከማድረግህ በፊት በእጅህ ጀርባ ሞክረው፣ ትኩሱ ያቃጥላል። ከመግዛትህ በፊትም የከብት መሆኑን ጠይቅ፤ የአሳማ አለ፣ ለብዙ የመድረክ ጓደኞችህ አይሆንም። ጃክ ፒርስ የተጠቀመበትን ኮሎዲየን ደግሞ አትሞክረው፤ ኢተር አለበት፣ እሳት ይይዛል።

ከሁሉ የሚሻለው ከካርሎፍ ልብስ መስረቅ ነው። ኮቱ የታወቀው እጀታው በማጠሩ ነው፤ እጁ ከልኩ በላይ የረዘመ ይመስላል። የአሮጌ ኮት እጀታ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል እጠፍና ስፋው፣ ከባድ ጫማ አድርግ፣ መድረኩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገባ ጀርባህን ሰጥተህ ግባ።